የራዲያተሩ ክዳን

ሰውየው መኪናውን ጋራዥ ሲያስገባ አብሯት ይገባል፣ አብሯት ይወጣል፤ በመካከሉ ምሳውን እንኳ አጠገቧ ቆሞ ነው የሚበላው። መኪናዋ ትልቅ የመስክ መኪና ናት። ድሮ በሹፌርነት ይሠራበት የነበረው የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበረች፤ አርጅታለች ተብላ በጨረታ ስትሸጥ እሱም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥቶ ገዛት። ቆጣሪዋ አሁን አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። «ከአራት መቶ ሰማንያው ውስጥ እኔ ያልነዳሁት አንድም የለም፤ ስለ እሷ ማንም አይነግረኝም» ይላል።

ሊሰረቅ ይችላል ብሎ በሚጠረጥረው ዕቃ ሁሉ ላይ በልጁ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያደርጋል። ባትሪው ላይ ነጥብ፣ ዲናሞው ላይ ነጥብ፣ የራዲያተሩ ክዳን ላይ ነጥብ። ጋራዡ ውስጥ «ጋሽ ነጥብ» ይሉታል፤ እሱ ሲሰማ ግን «ጋሼ» ብቻ ነው። ሚስቱም ሲመርራት፣ «የቀረህ ጥላህ ነው፤ እሱንም ቀባውና እንገላገል» ትለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው እንዲያው ከሜዳ አልበቀለም። በሥራ ዘመኑ አዲስ ባትሪ ያላትን መኪና አስረክቦ፣ የሞተ ባትሪ ተገጥሞባት ተቀብሏል፤ ጠፋ የተባለውንም ባትሪ ከደሞዙ ከፍሏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ያን ቀን ተማረ፤ ከተማረውም ወዲያ ሌላ ነገር አልተማረም።

መካኒኩን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል፤ የሞተርን ሕመም ቆሞ በመስማት ስለሚያውቅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን መኪና የሠራት እሱ ነው። ሌሎች ጋራዦች «ይቺን? ይቅርብን» ብለው ከበር መልሰዋታል። ጆሮ ግን ከሥሯ ተኝቶ ያዳምጣታል፣ ጋሽ ነጥብ ደግሞ ከበላዩ ቆሞ እጁን ይጠብቃል። ተጣልተው አያውቁም።

ባለፈው ክረምት መኪናዋ ጭስ አበዛች። ጆሮ የሞተሩን ራስ አውርዶ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በአዲስ ቀየረ። ሲጨርስም አሮጌውን የራዲያተር ክዳን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ የዚህ ስፕሪንግ ሞቷል፤ አዲስ አድርጌልዎታለሁ» አለና የቁርጥራጭ ብረት በርሜል ውስጥ ወረወረው። ሰውየው ክዳኑን አየ። ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣ፣ ወፍራም፣ ነጥብ ያለበት ነው። አዲሱ ቀላልና ብልጭልጭ ነው። «አሃ፣ ዋናውን ለሌላ ሰው ሊገጥመው ነው» ብሎ አሰበ። ጆሮ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል በርሜሉ ውስጥ እጁን ሰዶ ክዳኑን ኪሱ ከተተ። ቤቱ ሲደርስ አሮጌውን መልሶ ገጠመ፤ አዲሱን መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ሌባን እንደቀደመ ሰው ደስ ብሎት ዋለ።

በሳምንቱ መኪናዋ ውኃ መጨረስ ጀመረች። መሬቱ ላይ ጠብታ የለም፤ ዳገት በወጣች ቁጥር ግን ራዲያተሩ ይጎድላል። ጆሮ ዘንድ መሄድ ሲገባው አልሄደም። «ያበላሸው ራሱ ነው፤ ካሳየሁት ይሸፍንብኛል» አለና ለብቻው ማጥናት ያዘ። ጧት ጧት ጎንበስ ብሎ ውኃውን ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይጠረጥራል።

ሚስቱ ኩላሊቷን የምታሳጥበው ከዳገቱ ማዶ ባለው ከተማ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀጠሮ። አንድ ሐሙስ መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ኮፈኗ በእንፋሎት ተሸፈነ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ፣ ውኃ እስኪገኝ ሰዓቱ ነጎደ። ቢደርሱም ቀጠሮው አልፎ ስለነበር ተመለሱ። ማታ የሚስቱ እግር አበጠ፣ ትንፋሿም አጠረ፤ ሰውየው ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ የሚያስቀድመው ቁጣውን ነው።

በማግስቱ ጧት ጋራዡ ውስጥ ገብቶ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኸ።

«አሮጌ ጓርኒሲዮን ነው የከተትክባት! ሚስቴን ልትገድልብኝ ነው! ሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!»

የቀጥቃጩ መዶሻ ቆመ። ጆሮ እጁን በጨርቅ ጠረገና ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩን አላየም። ክዳኑን ፈትቶ ስፕሪንጉን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ስፕሪንጉ ተኝቶ ቀረ።

«ይሄ እኔ የጣልኩት ነው። ማን ገጠመው?»

ሰውየው «ልጄ» ሊል ፈልጎ ነበር። ነጥቡ ግን ቀልቶ ለሁሉም ይታያል።

«እኔ» አለ።

«ይሄ ግፊት አይይዝም። ዳገት ላይ ውኃው ይፈላና በእንፋሎት ይወጣል። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው።» ጆሮ ከመደርደሪያው ሌላ ክዳን አንስቶ ገጠመ፣ ውኃ ሞላ፣ አስነስቶ አዳመጠ። «ይሂዱ፤ ዛሬውኑ ያድርሷቸው። ደግሞ ከአሁን በኋላ መኪናዋ ስትታመም ልጅዎ ታምጣት። እርስዎ አይምጡ።»

«ጆሮ፣ ተሳሳትኩ እኮ። አፈር በበላሁ።»

«እጄን ሲጠብቁ ዝም ያልኩት ስለማከብርዎ ነው። ዛሬ ግን ሠራተኞቼ ፊት ሌባ አሉኝ።»

ያን ቀን ዳገቱን ያለ ችግር ወጡት። ሚስቱ ታጠበች፣ እብጠቱም ቀነሰ። ሰውየው ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ጆሮ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ በክብር ሸኛቸው፤ ቃሉን ግን አላጠፈም።

ሦስት ወር ቆይቶ የዘይት መቀየሪያ ጊዜዋ ደረሰ። ልጁ ይዛት ሄደች። እሱ ከጧት ጀምሮ በራፉ ላይ ሲንጎራደድ ዋለ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ስትመለስ ልጁ እስክትወርድ እንኳ አልጠበቀም።

«ምን አለሽ?»

«ዘይቱን ቀየረ፤ የፊት ፍሬን ሸራዋ ግን ሳስቷል፣ ከሁለት ወር በኋላ መልሺያት አለኝ። እናትሽ እንዴት ናቸው ብሎም ጠየቀኝ። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

«ስለ እኔስ?»

«ስላንተ?» ልጅቷ አሰብ አደረገች። «ምንም አላለም አባባ።»

«አንድ ነገር ሳይል አይቀርም። አትደብቂኝ።»

«አልደበቅኩህም። ስምህንም አላነሳም።»

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከኋላው ምን እንደሚያማው ሲጨነቅ የኖረ ሰው፣ በራፉን ተደግፎ ቆመ።

«ምነው በሰደበኝ» አለ።