የፊተኛው ሰውያችን

የጌሙ ክፍል ሁለት ላፕቶፔ ላይ ሲከፈት ደስታዬ አንድ ጥያቄ እስኪመጣ ብቻ ነበር የቆየው። ከክፍል አንድ ሴቭ ያደረግከው ፋይል አለህ ወይስ በአዲስ ትጀምራለህ ይላል። ፋይሉ እጄ ላይ ስለሌለ በአዲስ ጀመርኩ። የማላውቀው ጎረምሳ ሰይፍ ታጥቆ ብቅ አለና ገና ጉዞውን ሳይጀምር አንድ መቃብር አጠገብ ቆመ። መቃብሩ የኛ ሰውዬ፣ ክፍል አንድን ከጓደኛዬ ጋር የተጫወትንበት ሰው፣ መቃብር ነው። የድሮው ፋይል ከመጣ በሕይወት ይኖራል፣ ጎረምሳውንም ራሱ ይቀበለዋል፤ ካልመጣ ሞቷል። ደሜ ፈላ። ስንት ክረምት ለፍተን ያሳደግነውን ሰው ማንን ጠይቀው ቀበሩት?

ፋይሉ ያለው ጓደኛዬ ዘንድ ነው። መካነ ሰላም አብረን ስናስተምር የምንጫወተው በሱ ኮምፒውተር፣ በእናቱ ቤት ነበር። እናቱ ቆሎ ይዘው ይገቡና ስክሪኑን በጥርጣሬ እያዩ፣ «ሰውያችሁ አማን ዋለ?» ይሉናል። «አልሀምዱሊላህ፣ እማማ» እላቸዋለሁ፣ ክርስቲያኑ እኔ። አምና ወደ አገሩ ወደ ወግዲ ሲዛወር እናቱንም ኮምፒውተሩንም ይዞ ሄደ።

ብደውል አያነሳም። በማግስቱም ያው ነው። አዲስ ባልንጀራ አግኝቶ ረስቶኛል ብዬ ቆሽቴ አረረ። ቅዳሜ ፋይሉን የምቀዳበትን ፍላሽ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መንገዱ እያንገጫገጨኝ የምሰድበውን ስድብ ሳሰናዳ ደረስኩ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

እህቱ ገና ስታየኝ ተነሥታ፣ «ዛሬ መጣህላት? እማዬን እኮ ቀበርናት!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ግን ፍላሹ በኔና በሷ ደረት መሐል ይቆረቁረኝ ነበር።

ሰዉ ተጠጋግቶ ጓደኛዬ አጠገብ ቦታ ለቀቀልኝ። አንድ ሽማግሌ፣ «አላህ ይውደድህ ልጄ፣ ሰምተህ ከመካነ ሰላም ድረስ መምጣትህ» ብለው መረቁኝ። «አሜን» አልኩ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ጓደኛዬ ማን ነገረህ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ፍላሹ እንዳይታይ የሸሚዜን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። በዚያ ፀሐይ አላበኝ። ለእናቱ ሳይሆን ለጌም መምጣቴን ካወቀ ዳግም ዓይኔን አያይም።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲሳሳ ጓደኛዬ ቀና አለ።

«ማን ነገረህ?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አልሆነልኝም።

«ማንም። ስልክ አላነሳ ስትለኝ ልሰድብህ ነው የመጣሁ።»

«የፍላሹን ክር በር ላይ ስትገባ አይቼዋለሁ» አለ።

ሊያባርረኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክፍል ሁለቱ ወጣ?» አለኝ።

«ወጣ።»

«ዋናው ሰውዬ የኛው ነው?»

«አዲስ ልጅ ነው። የኛው ደግሞ... ፋይሉን ካላመጣን ሞቷል ነው የሚለው።»

ሞቷል የምትለዋ ከአፌ ስታመልጥ ምላሴን በቆረጥኩት ብዬ ተመኘሁ። እሱ እናቱ ይቀመጡበት ወደነበረው ደጃፍ ተመለከተ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

«አምጣው ፍላሹን» አለ። «እሱ እንኳ አማን ይዋልላት።»