የኮርኒሷ አራስ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። እኔ ከፋሲካ በፊት ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ግን በኋላ ነው ትላለች። ማስረጃዋ ገንፎው ነው። ምራቴን ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ሁሉ ቅቤ የተንጣለለበትን ገንፎ አብረው በልተዋል፤ ጾም ቢሆን ኖሮ አንዷ እንኳ እጇን ትሰበስብ ነበር። እንግዲህ በኋላ ይሁን። ሙቀቱ ገና እንዳልጠና ግን አውቃለሁ፤ ኤሲው ስላልተከፈተ ነው የኮርኒሱ ድምፅ ለኔ እንኳ ጥርት ብሎ የተሰማኝ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሮውሌት የምትባል ከተማ፣ ልጄ ቤት ነው። ምራቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ቤት ተኝታለች። ባለቤቴ ታርሳታለች። እኔ ደግሞ ለጠያቂ በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ገንፎው በየቀኑ ይገነፋል፤ በየቀኑም ይተርፋል። ባለቤቴ ምግብ መጣል አይሆንላትም። የተረፈውን በሳህን አድርጋ ጓሮ በር ላይ ታስቀምጠዋለች፣ የሰፈር ውሻ ይብላው ብላ።

ሮውሌት ውስጥ የሰፈር ውሻ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ውሻ ሁሉ ጌታ አለው፣ ሐኪም አለው፣ አንዳንዱም ለብርድ የሚለብሰው አለው። ሳህኑ ግን ጠዋት ጠዋት ታጥቦ የተቀመጠ መስሎ ይገኛል። ባለቤቴ በዚህ ደስ አላት።

“አየህ፣ የሚበላው አልጠፋም” አለችኝ።

ማን እንደሚበላው አልጠየቅንም።

ከዚያ ኮርኒሱ ውስጥ መንኮሻኮሽ ተጀመረ። መጀመሪያ ነፋስ ነው አልን፣ ቀጥሎ አይጥ ነው አልን። አይጥ እንዲህ እግሩን ጥሎ አይራመድም። ልጄ በጋራዡ በኩል መሰላል ዘርግቶ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ወጣ። ሲወርድ ከወጣበት ይልቅ ፈጠነ።

“አባዬ፣ ራኩን ናት። ወልዳለች! በጣሪያው ጥግ ሳንቃውን ቀዳ ነው የገባችው።”

ራኩን የማያውቅ ካለ፣ ከድመት የምትበልጥ፣ ጅራቷ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ፊቷ ላይ ጥቁር ጭምብል ያሰረች የምትመስል አውሬ ናት። እጇ እንደ ሰው እጅ ነው።

ልጄ ቸኮለ። ክርስትናው ደርሷል፤ እንግዳ ሊሞላ ነው። “ሥራ ቦታ አንድ ልጅ የአውሬ ማጥመጃ ትራፕ አለው” አለ። “እሷን ይዘን ሩቅ ወስደን እንለቃታለን፣ በቃ።”

“ልጆቿስ?” የሚል ድምፅ ከአራስ ቤት መጣ።

“እነሱማ...”

“እነሱማ ምን? እኔን አሁን አንዱ መጥቶ በትራፕ ይዞ ሩቅ ማኪኒ ከተማ ወስዶ ቢጥለኝ፣ ያንተን ልጅ ማን ያጠባታል?”

ልጄ ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ግን ከምራቷ ብሳ ነው የጠበቀችው።

“አራስ ከተኛችበት አትነሳም። ክርስትና ሳታስነሳ ወዴት ነው የምትሄደው?”

“እማዬ፣ ራኩን እኮ ክርስትና አታስነሳም!”

“አራስ ናት አልኩህ እኮ።”

ልጄ እኔን አየኝ። እኔም በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያለ መስሎኝ ሄድኩ።

በመጨረሻ፣ አውሬ ሳይጎዳ ከቤት የሚያስወጣ አንድ ሰው ተገኘና መጣ። አሜሪካዊ ነው፤ ልጄ ይተረጉምልኛል። እናቲቱን ይዞ መውሰድ ማለት ልጆቹን በረሃብ መግደል ነው አለ። በባዶ እጅ ማንም እንዳይነካቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል አለ። ጨለማና ጸጥታ ስለሚመቻት መብራት አብሩባት፣ የሰው ወሬ አሰሟት፤ ራሷ ልጆቿን አንድ በአንድ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ቤቷ ትሄዳለች አለ።

“ሌላ ቤት አላት?” አልኩ።

“ሁለት ሦስትም ሊኖራት ይችላል ይላል” አለ ልጄ። ይህን ሲተረጉም ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። እሱ ይህችኑ አንዷን ለማግኘት ስንት ዓመት ታክሲ ነድቷል።

ሰውየው ሊወጣ ሲል ጓሮ በር ላይ ያለውን ሳህን አየና አንድ ነገር ጠየቀ። ልጄ እናቱን አየ። ባለቤቴ ሳህኑን አንስታ ገባች። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ውሻ ስሙ ተነስቶ አያውቅም።

መብራቱ ተሰቀለ። ለድምፁ ባለቤቴ መዝሙር ይሁን አለች፣ ለቤቱም በረከት ነው ብላ። መዝሙሩ ሲከፈት ኮርኒሱ ጸጥ አለ። ራኩኗ ተኛች፣ ልጆቿ ተኙ፣ ምራቴ ተኛች፣ ሕፃኗ ተኛች። ባለቤቴም ሶፋው ላይ ሸለብ አደረጋት።

ልጄ ለሰውየው ኮል ቢያደርግለት፣ “ዜማ አላልኩም፣ ወሬ ነው ያልኩት” አለው።

ወሬ እሑድ ከሰዓት መጣ። እድራችን ስብሰባውን በስልክ ነው የሚያደርገው፤ ሁሉም ከቤቱ፣ አንዳንዱም ከመኪናው ሆኖ። አጀንዳው ድንኳን ይገዛ ወይስ ይከራይ የሚል ነው፤ እኔ እድሩ ውስጥ ስገባም አጀንዳው እሱ ነበር። ልጄ አሮጌ ስልኩን ስብሰባው ውስጥ አስገብቶ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ኮርኒሱ ውስጥ አኖረው። የራሳችንን ድምፅ መዝጋት እንዳለበት ግን ረሳ።

እኔ በሌላ ስልክ እሰማለሁ። አንዱ “ድንኳን ያለው እድር የተከበረ እድር ነው” ሲል፣ በስልኩ ውስጥ ሲር ሲር የሚል የሕፃናት ጩኸት ተነሳ። ሰብሳቢው አቋረጠው።

“እባካችሁ፣ ሕፃን ያላችሁ ሚውት አድርጉ!”

“ሕፃን ነው እንዴ? የነሱ ቤት አራስ መሆን አለባት” አለች አንዲት ሴትዮ። “እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ እመቤት!”

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው? ከፕሌኖ ከተማ “እንኳን ማርያም ማረችሽ”፣ ከሌላ ከተማም “እንኳን ማርያም ማረችሽ”። እድርተኛው በሙሉ አንድ በአንድ ራኩኗን እንኳን ማርያም ማረችሽ አላት። እሷም አንዴ በኃይል አጉረመረመች።

ሰብሳቢውም፣ “ተቃውሞ ያለው ሰው መጀመሪያ ስሙን ያስመዝግብ” አለ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስብሰባው አላለቀም፤ ራኩኗ ግን በቃት። ከጓሮ ቆሜ አየኋት። አንዱን ልጇን በማጅራቱ ነክሳ በጣሪያው ጠርዝ ሄደች፣ በአጥሩ ተሻገረች፣ ከጎረቤት ትልቅ ዛፍ ላይ ወጣች። ተመልሳ ሌላውን ወሰደች። እንዲህ ስትመላለስ ቆይታ ቀረች። ድንኳኑም ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

በማግስቱ ሰውየው ቀዳዳውን በወፍራም የብረት ሽቦ ሊዘጋ መጣ። ልጄ ሥራ ላይ ነው። ሰውየው ኮርኒሱን በባትሪ አየና ወርዶ እኔን ጠየቀኝ፤ ሁሉም ወጥተዋል ወይ ማለቱ ነው። እኔ ስትመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጆሮዬም ከላይ ምንም አይሰማም። ጆሮዬ በሩ ካልተደበደበ በቀር አይሰማም፣ ያንን ግን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አልቻልኩም። “ኦኬ፣ ኦኬ” አልኩት፣ ራሴንም ነቀነቅኩ። መሰላሉን ጣሪያው ላይ አስደግፎ ሥራውን ጀመረ።

የጓሮው በር ተከፈተ። ምራቴ ናት! ነጠላዋን ተከናንባ፣ በባዶ እግሯ፣ በእጇ ጭልፋ ይዛለች። አራስ ብረት ሳትይዝ ደጅ አትወጣም፤ ያገኘችውን ነው የያዘችው። ባለቤቴ ከኋላዋ “ብርድ ይመታሻል! ኧረ ብርድ ይመታሻል!” እያለች ትሮጣለች።

“አባባ፣ አስቁሙት! አንድ ቀርቷል። ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ከአልጋዬ አጠገብ።”

“ልጄ፣ የራስሽ ሆና ነው እንጂ...”

“የኔንማ አውቃለሁ፣ አባባ። ይሄ የሌላ ነው።”

ሰውየው መሰላል ላይ ሆኖ በነጭ የተጠቀለለች፣ ጭልፋ የያዘች ሴት ወደ እሱ ስትመጣ አየ። እጁን ከሽቦው አነሳ። እሷ በእንግሊዝኛ አስረዳችው፣ ገባ፣ ግድግዳው ላይ ጆሮውን ለጠፈ፣ ራሱን ነቀነቀ። ግልገሉ ከላይ ወርዶ በግድግዳው ክፍተት የተሰነቀረ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ቆርጦ፣ ወፍራም ጓንቱን አጥልቆ አወጣው። ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። በካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፎ ዛፉ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ሁላችንም ከመስኮት ጀርባ ቆመን ጠበቅን። ምራቴ ልጇን እያጠባች ነበር። ሲመሻሽ እናቲቱ ወረደች፣ ካርቶኑን በእጇ ዳበሰች፣ ልጇን ነክሳ ወጣች።

“እሰይ” አለች ባለቤቴ።

ልጄ ከሥራ ሲመጣ ለክርስትና በተቀባው ግድግዳ ላይ ያለውን ቀዳዳ አየ፤ መዶሻና ሚስማር ሊያመጣ ጋራዥ ገባ። ቀዳዳው ላይ እመቤታችን ልጇን እንደታቀፈች ያለችበት ሥዕል ተሰቀለ። የክርስትናው ዕለት እንግዳው ሁሉ፣ ሥዕሏ ለአራስ ቤት እንዴት ያለ ተስማሚ ቦታ ላይ ተሰቀለች፣ እያለ አደነቀ።

ታሪኩን በኋላ የሰሙት እድርተኞች እስከ ዛሬ ራኩኗን ያስወጣኋት እኔ እንደሆንኩ ያወራሉ፤ ጓሯቸው ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ለኔ ይደውላሉ። እኔ ያደረግኩት ራሴን መነቅነቅ ነው። ግልገሉ ግድግዳው ውስጥ እንዳይቀር፣ እኔም ያንን ጸጸት ይዤ እንዳልኖር ያደረገችው ያቺ አራስ ናት፤ ምራቴ።