ለአምስት ቁጥር የተላከ ሽማግሌ

በሕይወቴ ሽማግሌ የላክሁት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሚስቴን ለማግባት፣ ቀጥሎ አምስት ቁጥር ለመቀበል። ሚስቴን ማግኘቱ ይቀል ነበር።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ደንበኛን ሁሉ "የሚመጣላችሁን ኮድ ለማንም እንዳትሰጡ" እያልኩ ስጨቀጭቅ እውላለሁ። ታዲያ አንድ ቀን የሚስቴ የአጎት ልጅ፣ ሴት ልጁ ውድድር መግባቷን ገልጾ፣ እንድመርጥላትና የሚመጣልኝን ቁጥር እንድልክለት ጻፈልኝ። እኔ ነፈዝ ላክሁ። ለካ የእሱም የመልእክት መላላኪያ አካውንት ተጠልፎ ኖሯል! ወዲያው ከገዛ አካውንቴ ተባረርኩ። ሌባው በእኔ ስም ለከተማው ሰው "ውድ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ" እያለ መጻፍ ጀመረ። ሰው የነቃው በዚህ ነው፤ እኔ ማንንም ውድ ብዬ አላውቅም።

ከተማው ሳቀብኝ፣ ይሳቅ። እኔን ያንገበገበኝ የአባቴ ድምፅ ነው። ገጠር፣ ማጂ እያለ ጎረቤቱ በስልኩ እየቀዳ የላከልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ ያለው እዚያ አካውንት ውስጥ ነው። ዝናቡ ጣለ፣ ላሟ ወለደች፣ እንዲህ ያለ ወሬ ነው። አምና ካረፈ ወዲህ ሱቄን ስከፍት አንዱን ሳልሰማ ሥራ አልጀምርም። ሌባው ቢያጠፋብኝስ?

አካውንቱን ለመመለስ ኮድ ይላካል። የፊተኛው ኮድ የመጣልኝ ስልኬ ላይ ክፍት በነበረው አካውንት ውስጥ ነው፤ ከተባረርኩ ወዲህ ግን የሚላከው አካውንቱ ወደተከፈተበት አሮጌ ቁጥሬ ነው። ያ ሲም ከጠፋብኝ ቆይቷል፤ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ደወልኩ። ቴፒ የምትኖር ልብስ ሰፊ አነሳች። ገና "እህቴ፣ አንድ ኮድ ይመጣልሻል" ከማለቴ ሌባ ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ምን ልበላት? እኔም የማስተምረው ይህንኑ ነው። በሚስቴ ስልክ ደወልኩ፣ በደንበኛ ስልክ ደወልኩ። በመጨረሻ ሰለቸኋት።

"እውነት የጨዋ ልጅ ከሆንክ ሽማግሌ ይዘህ ና" አለችኝ።

ወይ ጣጣ! ከጅማ በኩል መጥተው ከሱቄ ጎን ጨርቅ የሚሸጡትን ሐጂን፣ እንዲሁም ጡረታ የወጡትን መምህር ጎረቤቴን ለምኜ ቴፒ ሄድን። በሩን የከፈተው ባሏ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉት። ሰውየው ደንግጦ ወደ ጓዳ ዞረና ሚስቱን ማንን ሰድባ እንደሆነ ጠየቃት። ለኮድ ነው ብንለው የባሰ ደነገጠ።

እንደምንም ተቀመጥን። ኮዱን አስላክሁ፤ ስልኳ ጮኸ። ያ ኮድ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። መምህር ግን ገና ስለ ሰው ልጅ መተማመን እያስረዱ ነው። ሴትየዋ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ በአክብሮት ታዳምጣለች። እኔ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። "መምህር፣ ኮዱ..." ብል ሐጂ አፈጠጡብኝ፤ ሽማግሌ ሲናገር ባለጉዳይ ዝም ነው የሚል። መምህር ሲያበቁ ሐጂ ተቀበሉ፣ ከዚያ ምርቃት ሆነ። አሜን ስንል ኮዱ አልፎበታል። ሌላ ልጠይቅ ብል ስልኬ አንድ ሰዓት ጠብቅ አለኝ። የተቀቀለ ጎደሬ ቀረበልንና በላን። ሴትየዋም በአሮጌው ቁጥር የሚደውሉትን የቀድሞ ወዳጆቼን ሁሉ "ተሳስታችኋል" እያለች ስትመልስ የኖረችው እሷ መሆኗን እየነገረች ወቀሰችኝ።

በሁለተኛው ዙር ሽማግሌዎቹን ዝም እንዲሉልኝ በእግዜርም በአላህም ለመንኳቸው። ሴትየዋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ገባሁ! ሌባው የአባቴን መልእክቶች አልነካቸውም። ላረጋግጥ ብዬ አንዱን ከፈትኩት፤ ሻካራ ድምፁ ስለ በቆሎው እያወራ ቤቱን ሞላው። በደስታ እንባ እንባ አለኝ።

ሴትየዋ ብድግ አለች።

"የማጂው አባባ አይደሉም እንዴ?"

እሷ ስትነግረን፣ ለካ አባቴ በራሱ ስልክ ሲደውል እጁ የለመደው አሮጌውን ቁጥሬን ኖሯል። መጀመሪያ እኔን ፈልጎ ደወለ። ተሳስተዋል ብትለው፣ ይሁን፣ አንቺስ ልጄ አይደለሽ ብሎ ወሬውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ እየደወለ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ስፌቷ ይጠይቃት ነበር። እኔ ደግሞ አባቴ ስልክ መደወል አይወድም ብዬ ነው የኖርኩት።

"ድምፃቸው ከጠፋብኝ ቆየ" አለች። "ደህና ናቸው?"

ሐጂና መምህር ተያዩ። ኮድ ሊለምኑ የመጡ ሽማግሌዎች መርዶ ነጋሪ ሊሆኑ ነው። መምህር ቁጭ እንድትል ለመኗትና ቀስ ብለው ነገሯት። እሪ አለች። ባሏ ሌላ ሲም ሲያመጣላት አልቀይርም ያለችው፣ አባባ ሲደውሉ እንዳያጧት ብላ እንደነበር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እያለቀሰች ነገረችን።

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ቀርበው አጽናኗት። ወደ እኔ ዞር ያለ የለም፤ ቅርም አላለኝ። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ፣ "እግዜር ያጽናሽ" አልኳት።