ከዜሮ በታች የወረደው መስመር

መቀሌ ላይ ትምህርት ተቋርጦ ስንት ዓመት ስለባከነብኝ፣ የማስተርስ ጥናቴን ልጨርስ የተቃረብኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ዘንድሮ እመረቃለሁ ብዬ ነበር። እናቴ ለዕለቱ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታለች፤ በሰፈራችን ዓይናለም ያልነገረችው ጎረቤትም የለም።

የማጠናው በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ስለሚያሳልፍ አንድ ብረት ነው። በብረት ውስጥ አቶሞች ዝም ብለው አይቀመጡም፤ በየቦታቸው ይርገበገባሉ። ያንን ንዝረት በኮምፒውተር አስልቼ በሥዕል ሳወጣው ከመስመሮቹ አንዱ መሐል ላይ ከዜሮ በታች ወረደ።

አማካሪዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና፣ "ጓለይ፣ ልጄ፣ ከዜሮ በታች የሚነዝር ነገር የት አይተሻል? የስሌት ስሕተት ነው። አስተካክይውና በዚህ ወር አቅርቢ" አሉኝ። አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ እሺ ብዬ መስመሩን ወደ ላይ ሳብኩት። ሥዕሉ አማረ። እኔን ግን ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።

እልኸኛ ነኝ። ስሕተት ከሆነ ስሌቱን ይበልጥ ሳጠራው ይጠፋል ብዬ ከሀ ጀመርኩ። ጭራሽ ባሰበት። ያኔ አቶሞቹን ንዝረቱ በሚጎትታቸው አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ገፋኋቸው። ወደ ቦታቸው መመለስ አልፈለጉም፤ በተገፉበት ረጉ። ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖችም ተከትለዋቸው በአንዱ ረድፍ ተጠጋጉ፣ በሌላው ሳሱ፤ የቀትር ፀሐይ የሸሸ መንገደኛ ጥላው በኩል እንደሚታጨቀው። አቶሞቹን በነበሩበት አስሬ ኤሌክትሮኖቹን ብቻ ስለቅቃቸው ግን አልተሰለፉም። ለካ ሰልፉን የሚመራው ንዝረቱ ኖሯል! ስሕተት ብለን የጣልነው የጥናቱ ዋና ነገር ነበር። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ በክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ተንጎራደድኩ።

መስመሩን ከመለስኩት ግን ጽሑፉ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፤ ምረቃውም ያልፈኛል። ለእናቴ ነገርኳት።

"ዓደይ፣ ዘንድሮ አልመረቅም።"

"ወደቅሽ እንዴ?"

"አልወደቅኩም። ልክ ያልሆነ ነገር ጽፌ ነበር፤ ላርመው ነው።"

"እንግዲህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ብላ ቀሚሱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። አለቀስኩ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

በማግስቱ አዲሱን ስሌት አማካሪዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

"ይቅርታ መምህር፣ መስመሩ ልክ ነው። ወደ ላይ አልስበውም። እርስዎ ካልተቀበሉኝ ሌላ አማካሪ እጠይቃለሁ።" አልኳቸው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ወጣት ሳለሁ ይህ መስመር ለእኔም ወጥቶ ነበር። ይኸው ብረት፣ ይኸው ቦታ ላይ።"

"ምን አደረጉት?"

"አጠፋሁትና በጊዜዬ ተመረቅሁ" አሉኝ።