የጫት ነው የተባለው ትኩሳት

መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታት ነበር። ልጄ ጀማል ግንባሩን በሻሽ አስሮ ወደ ሆስፒታል ሲወጣ አየሁት። የሚሄደው ሊታከም ሳይሆን ሊሠራ ነው። ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ላይ ጤና ረዳቶችን ለድንገተኛ ክፍል የሚያዘጋጅ ሥልጠና ተከፍቶ፣ እሱም ከተመረጡት አንዱ ነበር። አሁን ወደዚያ ሥልጠና መግባት የሚፈልጉ ልጆችና እናቶቻቸው ቤቴ እየመጡ ይጠይቁኛል። የደረሰብንን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ሥልጠናው ከባድ ነው፤ ይህን አልደብቅም። በሂርና መንገድ መኪና በተገለበጠ ቁጥር ተረኛ ያልሆነውም ይጠራል። ቁስል ማጠብ፣ ስብራት ማሰር፣ ግሉኮስ መስጠት፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ከቃሬዛ ማውረድ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ነው። ምሳ የሚበላው ጊዜ ሲገኝ ነው። ድካሙን ለመቻል ደግሞ ልጆቹ ጫት ይቅማሉ። በእኛ አገር ገበሬውም ነጋዴውም ቅሞ ነው ሥራ የሚጀምረው፣ ማንም እንደ ነውር አያየውም።

ያሳሳተንም ይኸው ነው። ጀማል ምግብ እንቢ አለ። እንቅልፍ አጣ። ሆድ ድርቀት ያዘው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ጫት ያበዛ ሰው እንዲህ ስለሚሆን ሁሉም የጫት ነው አለ። አብሮት የሚሠለጥነው ኢብሳ ሊጠይቀው መጥቶ ሳቀበት።

«ጀሜ፣ ያ የገለምሶ ጫት እስካሁን አልለቀቀህም? የእኛ ምርቃና ሲመሽ ይወርዳል፤ ያንተ እስከ ዒድ ሊቆይ ነው!»

ጀማልም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ግንባሩን ስነካው እሳት ነው።

«ለሐኪሙ ታይ» አልኩት።

«አዮ፣ እኔ ራሴ ሐኪም ልሆን አይደል? ድካም ነው።» አዮ የሚለኝ እናቴ ማለቱ ነው።

ነገሩ ድካም ሳይሆን ፍርሃት ነበር። የታመመ ሠልጣኝ ይባረራል እያሉ ልጆቹ እርስ በርስ ያወራሉ። ስለዚህ ሲያተኩሰው አስፕሪን ይውጣል፣ አቅም ሲያጣ ይቅማል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ መጨቅጨቄን አልተውኩም። አንድ ጠዋት ተከትዬው ወጣሁ። የሆስፒታሉ በር ላይ «አዮ ተመለሺ፣ ታሳፍሪኛለሽ» አለኝ። አልተመለስኩም። ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ወደቀ።

የአንድ ገበሬ እጅ በፋሻ እየጠቀለለ ነበር። ሆዱን ያዘ። ጎነበሰ። ኢብሳ አንስቶ አልጋ ላይ አስተኛው። ፊቱ አመድ መሰለ። ሐኪሙ መጣ። ሆዱን ነካው። እንደ ጣውላ ጠጥሯል።

ሐኪሙ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ።

«ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ የጫት መስሎን ነበር» አለ ኢብሳ።

«ጫት እንዲህ ያተኩሳል?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ ታይፎይድ ይመስለኛል። ሳይታከም ስለቆየ አንጀቱን በስቶታል። ኦፕራሲዮን መደረግ አለበት።»

«ድሬዳዋ እንውሰደው?»

«መንገድ ላይ ያልፋል።»

«እዚህስ ይድናል?»

«ካልከፈትኩት አይድንም። ከከፈትኩት እታገላለሁ።»

«ይክፈቱት» አልኩ።

ፈረምኩ። ደም ተፈለገ። ኢብሳና ጓደኞቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተሰለፉ። በሩ ተዘጋ። ቆሜ ቀረሁ። «ያ አላህ፣ ያ አላህ» አልኩ።

በሕይወት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ጊዜ ነው። በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ፣ ክሎራምፌኒኮል የሚባለው መድኃኒት በመርፌ እየተሰጠው፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ውሃ እንኳን በአፉ እንዳይገባ ታዘዘ። ጎረቤቶቻችን ቤቴ ተሰብስበው ጫታቸውን ይዘው ዱዓ አደረጉለት፤ አላህ ይቀበላቸው። ሆስፒታል ግን ሾርባና ገንፎ ይዘው ሲመጡ «አንድ ማንኪያ ብቻ» እያሉ ስለሚለምኑ፣ አልጋው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም መለስኩ። የተቀየሙኝ አሉ፤ በኋላ ታርቀናል። ቱቦው ወጥቶ አጥሚት ሲፈቀድለትና ጠጥቶ «ጨው የለውም» ብሎ ሲያማርር፣ ልጄ እንደተመለሰልኝ ያን ጊዜ አመንኩ።

ሥልጠናውን የምትመራው ሲስተር አልማዝ ልትጠይቀው መጣች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያባርሩኛል ብዬ ነው፣ ሲስተር።»

«ማን አለህ? የታመመ ያርፋል፤ ሲድን ከቀጣዮቹ ጋር ይገባል። ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው። ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ጠይቆ አያውቅም። ለሌለ ሕግ ብሎ ሊሞት ነበር።

ከቦኬ የመጣው ወንድሜ «ይበቃዋል፣ እርሻ አለን፣ ይዤው ልሂድ» አለ። እኔም አንድ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ግን ልጄን ባስታመምኩበት ጊዜ በዚያ በር በቃሬዛ የሚገባውን ሁሉ አይቻለሁ፤ ሁሉም የሰው ልጅ ነው፣ የሚቀበለው እጅ ይፈልጋል። ጀማልን «ትፈልጋለህ?» አልኩት። «እፈልጋለሁ» አለ። አቅሙ ሲመለስ ከቀጣዮቹ ጋር ገባ፤ ጨርሶም ተመረቀ።

ሐኪሙን፣ ሲስተር አልማዝን፣ ደማቸውን የሰጡትን ልጆች አላህ ከክፉ ይጠብቃቸው። ኢብሳ ዛሬም ቤቴ ይመጣል፤ ጀማል ትንሽ እንኳ ካሳለው ቴርሞሜትሩን ከኪሱ የሚያወጣው እሱ ነው።

ልትገቡ የምታስቡ ልጆች፦ ግቡ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ታይፎይድ ከውሃም ከምግብም ይመጣል፤ ልጄን ከየት እንደያዘው እስከዛሬ አናውቅም። ትኩሳት በጫት አይመካኝም። ሕጉን ደግሞ ከጓደኛ ሳይሆን ከምታሠለጥናችሁ ጠይቁ።

እናቶችም፦ ልጅሽ ታሞ «እኔ ራሴ ሐኪም ነኝ» ካለሽ፣ እጁን ይዘሽ ሌላ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ይፈር። ማፈር አይገድልም።