ሃያ ሁለት ቁጥር ሳጥን

ባለፈው ሳምንት ሮተርዳም ገበያ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ የናስ መቅረዝ በጨርቅ ሲወለውሉ አጠገባቸው ደረስኩና፣ ያ ጎምዘዝ የሚል የናስ ሽታ ሲያውደኝ ባለሁበት ቆምኩ። ሰውየው የምገዛ መስሏቸው መቅረዙን ዘረጉልኝ፤ እኔ ግን ራይስዋይክ ከተማ፣ የልጅነት ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ነበርኩ።

አባቴ በወጣትነቱ አገር ቤት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሆላንድ መጥቶ ወረቀት ካገኘ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ የአረጋውያን ቤት ሽማግሌዎችን ሲያጥብና ሲያለብስ ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ሲደርስ የዒላማ ተኩስ ክበብ ይሄዳል። ፈቃድ ነበረው፤ የሽጉጡን ጥይትም ራሱ ይሞላ ነበር። እናቴ "ከጦርነት ሸሽቶ መጥቶ ቤቱ ጥይት የሚሠራ ሰው አንተን አየሁ" እያለች ብታጉረመርምም፣ እሱ የተተኮሱትን የናስ ቀልሃዎች ለቃቅሞ ያመጣና በርኺንግ በምንለው የምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ እንደ ጌጥ እስኪያብረቀርቁ ያጸዳቸዋል።

ያ ክፍል የራሱ ሕግ ነበረው። እሳት አይገባም፤ ስልክ አይገባም፤ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ብስኩት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥም። ሲመዝን ሰው ካቋረጠው የሞላውን ሁሉ ገልብጦ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አረሩን ከመግጠሙ በፊት እያንዳንዱን ቀልሃ በባትሪ እያበራ የባሩዱን ልክ ያያል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የሳጥኑን ቁጥር፣ የባሩዱን ዓይነትና ክብደት ይመዘግባል፤ በመጨረሻም "ታየ" ብሎ ይጽፋል። ደብተሩ በአማርኛ ስለነበር የፊደል መለማመጃዬም እሱው ነበር፤ ሌላው ልጅ "ሩ"ን ከሰንበት ትምህርት ቤት ሲማር እኔ ከ"ባሩድ" ተማርኳት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለየትኛው ሁለተኛ ደረጃ እንደምንበቃ የሚነግረውን ደብዳቤ ከትምህርት ቤት ተቀብዬ እየሮጥኩ መጣሁ። ሕጉን ረስቼ በሩን በረገድኩት።

"አባዬ፣ ፌዌኦ! ፌዌኦ ደረሰኝ! ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ብለው ጻፉልህ!"

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፤ ባሩድ የሚሰፍርበትን ማንኪያ ጣለ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብድግ አድርጎ እያሽከረከረኝ "የኔ ዶክተር! የኔ ዶክተር!" እያለ እንባው ወረደ። ከዚያ ለእናቴ እንድነግራት ወደ ላይ ላከኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ደስታው ስላልለቀቀው ክበቡ ይዞኝ ሄደ። ልጅ ከወፍራሙ መስታወት ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ደብተሩን እንድይዝለት ሰጥቶኝ ወደ መስመሩ ገባ። የመጀመሪያው ተኩስ ደረቴ ውስጥ ድም አለ። ሁለተኛው። እኔ ጣቴን በመስመሮቹ ላይ እያስኬድኩ አነብ ነበር፤ ሃያ፣ ታየ። ሃያ አንድ፣ ታየ። ሃያ ሁለት... ባዶ። ቀኑን አየሁት፤ የትናንትናው አርብ ነው። አባቴ አጠገብ የተከፈተው ሳጥን ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየሁ፤ ሃያ ሁለት። ሦስተኛው ተኩስ ጮኸ።

መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ሁሉም ጆሮውን ሸፍኗል፤ ማን ይስማኝ? አራተኛው ጮኸ። ደብተሩን እያጋጨሁ ስጮህ የመስመሩ ተቆጣጣሪ፣ አንዲት ረጅም ሴት፣ ዘወር ብላ አየችኝና ክንዷን አነሣች።

"ስቶፕ!"

አባቴ ሽጉጡን አራግፎ አስቀመጠና ፊቱን አጥቁሮ መጣ። "ምን ሆነሻል?"

ባዶዋን ቦታ በጣቴ አሳየሁት። ደብተሩን ተቀብሎ መስመሯን በጣቱ ተከተላት።

"አላየሁትም" አለ በለሆሳስ።

ቤት ገብተን የቀሩትን አርባ ስድስት ጥይቶች አንድ በአንድ ፈታቸው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሠላሳ አንደኛው ላይ እጁ ቆመ። ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ ደፋው፤ የሌሎቹ እጥፍ ነበር። ያቺ ብትተኮስ ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳ ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ አለቀስኩ።

"አይደለም። ከመጀመሪያው መጀመር የነበረብኝ እኔ ነኝ።" ደብተሩ ላይም እንዲያ ብሎ ጻፈ፤ የኔን ስም አላነሣም።

ከዚያ ወዲያ "ታየ" ያላለበት መስመር የለም። እኔም ፌዌኦን ጨርሼ፣ ሐኪም ሆኜ፣ ካፔለ በምትባል ከተማ ቤት ይዤ፣ ልጅም ወልጄ ብዙ የምሥራች ይዤለት ሄጃለሁ። ሁልጊዜ ግን፣ ሽንኩርት ሲከትፍም ሆነ ሸሚዝ ሲተኩስ ባገኘው፣ መጀመሪያ መዳፉን ያነሣል፤ ቆይ ማለቱ ነው። የያዘውን ይጨርሳል፤ እጁን ይታጠባል፤ ያደርቃል፤ ይቀመጣል። "እሺ፣ አሁን ንገሪኝ" ይላል። ይደሰታል፣ ይመርቃልም።

ዓምና ስንቀብረው አሥሩም ጣቶቹ ሙሉ ነበሩ፤ ተመስገን። ማንኪያውን ጥሎ ያሽከረከረኝን ሰውዬ ግን ከዚያ አርብ በኋላ አግኝቼው አላውቅም።