ስኳር የገባበት ቤት

ማንኪያ ከሻይ ብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እኔ ባደግሁበት በቁሐር ሚካኤል በዚያ ዘመን ስኳር የሻይ አልነበረም፤ የታማሚ ነበር። ማር እያለ ማን ይገዛዋል? ጠበሉ ተሞክሮ፣ ቄሱ ደግመው፣ በሽተኛው እህል እንቢ ሲል ነው "እስቲ ስኳር ይምጣለት" የሚባለው። አያቴም አጎቴም ስኳር በውሃ ተበጥብጦላቸው ሳይነጋ ነው የሄዱት። እኛ ልጆች ቃሉን ከሰማን ከቤት ወጥተን እንደበቅ ነበር።

አንድ ክረምት ታናሽ እህቴን ንዳድ ጣላት። እናቴ ግንባሯን ዳበሰችና ወደ አባቴ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ስኳር ይምጣላት" አለች።

ከታማሚዋ አጠገብ እንዳልሆን መሰለኝ፣ አባቴ እኔን አስከትሎ ወረታ ከተማ ሄደ። ባለሱቁ ስኳሩን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠውና "አላህ ይማርልዎ" አለው። ስንመለስ ሜዳው በጎርፍ ተውጧል። አባቴ ትከሻው ላይ አወጣኝ፤ ጥቅሉን አስያዘኝ።

"ውሃ እንዳታስነኪው፣ አደራሽን።"

ውሃው ደረቱ ደረሰ። የበሰበሰ ሣር ይሸታል። እኔ ግን የፈራሁት መስጠሙን አልነበረም። በእጄ የያዝሁት የእህቴ ሞት መሰለኝ። ብጥለውስ? ብጥለው ትድን ይሆናል ብዬ ጣቶቼን ላላ አደርግና፣ አባቴ ከሥሬ ሲያለከልክ ስሰማ መልሼ እጨብጠዋለሁ። እንዲህ ሳደርግ ተሻገርን።

እናቴ በፍንጃል በጥብጣ ሰጠቻት። እህቴ ቀመሰችና ዐይኗን ገለጠች።

"እምዬ፣ ልሞት ነው?"

እናቴ ፍንጃሉን ወደ ራሷ አፍ ወስዳ ተጎነጨች፤ ለአባቴ ሰጠችው፤ ከዚያ ለእኔ።

"ይኸው ሁላችንም ጠጣን። ታዲያ ሁላችንም ልንሞት ነው እንዴ፣ ሆዴ?"

እህቴ ፈገግ አለች። እኔ ግን በቃ ሁላችንም አለቅን ብዬ ነበር የጠጣሁት። ለብቻዬ መሞቱን ስለፈራሁ ሄጄ አጠገቧ ተኛሁ፤ እጇን ያዝሁ። ያተኩሳል።

"ይጣፍጣል፣ አይደል?" አለችኝ።

"ይጣፍጣል።"

እሷ ፍርሃቱ ለቋት ተኛች። ስነቃ እጇ በእጄ ውስጥ ቀዝቅዟል። እናቴ አጎንብሳ ጣቶቼን ከጣቶቿ ታላቅቅ ነበር።